ከሳውዲ ዓረቢያና ከአሜሪካ ስለሚወጣው የሐዋላ ገንዘብና ስለ ጣና ዳር እርሻ

የእርሻ ትምህርት የሚጻፍለት ሹም አብዛኛውን ጊዜ ስለ ዘርና ስለ በሬ፥ ስለ ማዳበሪያና ስለ መስኖ እንዲነገረው ይጠብቃል። ገንዘብ ስለ መላክና ስለ መቀበል የሚነገረው ነገር የባንክ ሰዎች ጉዳይ እንጂ የእርሻ ጉዳይ አይመስለውም። ነገር ግን በባሕር ዳር ዙሪያ፥ በደራ፥ በፎገራ፥ በሊቦ ከምከም፥ በደምቢያ፥ በአለፋና በሰሜን አቸፈር በሹመት የሚቀመጥ ሰው በየቀበሌው ተዘዋውሮ ቢመለከት፥ የአንዱ ገበሬ የውኃ መሳቢያ ሞተር፥ የሌላው የቆርቆሮ ቤት፥ የሦስተኛው የበሬ መግዣ ከእርሻው ምርት ብቻ ሳይሆን በባዕድ አገር ከምትሠራ ልጁ ወይም ከወንድሙ እጅ የመጣ ሆኖ ያገኘዋል።

እንግዲህ ይህ ገንዘብ ለእርሻ እንደ ዝናብ ያለ ነገር ከሆነ፥ ሹሙ የሚመጣበትን ወራትና የሚቀርበትን ምክንያት ማወቅ ይገባዋል። ይህንንም ለማወቅ ወደ አገር የገባውን ገንዘብ መቍጠር ብቻ አይበቃም፤ ገንዘቡ የሚወጣበትን አገር ጠባይ መመርመር ያስፈልጋል። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚሠሩባቸው ሁለት አገሮች፥ ሳውዲ ዓረቢያና አሜሪካ፥ በየዘመኑ ምን ያህል ገንዘብ ከድንበራቸው እንደ ወጣ ይመዛዘናል፤ ከዚያም ነገሩ ለጣና ዳር ባለይዞታ ምን ትርጕም እንዳለው ይገለጻል። የዓለም ሂሳብ የሚጻፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለ ሆነ፥ «ዓ.ም.» ከሚል ቃል ጋር ካልተጻፈ በቀር በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ፤ የሐዋላ ገንዘብ ምን እንደ ሆነ

የሐዋላ ገንዘብ ማለት ከአገሩ ወጥቶ የሚሠራ ሰው ከድካሙ ዋጋ ቆጥቦ ለዘመዶቹ የሚልከው ገንዘብ ነው። የዓለም ባንክና ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የመንግሥታትን ሂሳብ ሲያጠናቅሩ ሁለት ነገሮችን በአንድነት ይደምራሉ። አንደኛው በአንድ አገር የሚኖር ሰው በሌላ አገር ለሚኖር ሰው የሚልከው የግል ገንዘብ ነው። ሁለተኛው ለአጭር ጊዜ ወይም ለወቅት ሥራ ድንበር ተሻግሮ የሠራ ሰው የተቀበለው ደመወዝ ነው።

ሂሳቡም በሁለት ወገን ይጻፋል። በሚወጣበት አገር መዝገብ «የተከፈለ» ይባላል፤ በሚገባበት አገር መዝገብ «የተገኘ» ይባላል። የሚገባውን የሚያሳየው መዝገብ ከልዩ ልዩ አገር የመጣውን ሁሉ አንድ ላይ ስለሚያቀላቅለው የእያንዳንዱን ምንጭ ጠባይ ለይቶ አያሳይም። በርብና በጕማራ፥ በመገጭና በግልገል ዓባይ የመጣ ውኃ ጣና ከገባ በኋላ የትኛው የየትኛው ወንዝ እንደ ሆነ እንደማይለይ ያለ ነው። የወንዞቹን ጠባይ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ወደየወንዙ መሄድ አለበት። የሚወጣውን ገንዘብ በየአገሩ መመርመርም ከዚህ የተለየ አይደለም።

2ኛ፤ የሁለቱ አገሮች ቍጥር

ከዚህ ቀጥሎ የተጻፈው ከሁለቱ አገሮች በየዓመቱ ወደ ዓለም ሁሉ የወጣው የሐዋላ ገንዘብ ግምት ነው። አንድ ቢሊዮን ማለት አንድ ሺህ ሚሊዮን ነው፤ ገንዘቡም የአሜሪካ ዶላር ነው።

በ2010፦ ከሳውዲ ዓረቢያ 27 ቢሊዮን ያህል፤ ከአሜሪካ 50 ቢሊዮን ያህል።
በ2015፦ ከሳውዲ ዓረቢያ 39 ቢሊዮን ያህል፤ ከአሜሪካ 61 ቢሊዮን ያህል።
በ2019፦ ከሳውዲ ዓረቢያ 31 ቢሊዮን ያህል፤ ከአሜሪካ ከ70 ቢሊዮን በላይ።
በ2022፦ ከሳውዲ ዓረቢያ 39 ቢሊዮን ያህል፤ ከአሜሪካ 79 ቢሊዮን ያህል።

ይህን ቍጥር በችኮላ የሚያነብ ሰው፥ አሜሪካ ከሳውዲ ዓረቢያ እጥፍ ያህል ታወጣለች ብሎ ሊያበቃ ይችላል። ነገር ግን ጠቃሚው ትምህርት ያለው በመጠኑ ሳይሆን በአካሄዱ ነው። የአሜሪካው ገንዘብ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ከ50 ተነሥቶ ቀስ በቀስ እስከ 79 አደገ። የሳውዲው ግን በአምስት ዓመት ከ27 ወደ 39 ዘለለ፤ በሚቀጥሉት አራት ዓመታት ከአምስት እጅ አንዱ ያህል ጐድሎ ወደ 31 ወረደ፤ ከዚያም ተመልሶ በ2022 በፊት ወደ ነበረበት ደረጃ ደረሰ። አንዱ እንደሚያድግ ዛፍ ሲሆን ሌላው እንደ ሐይቅ ዳር ውኃ የሚመጣና የሚሸሽ ነው።

መጠኑ በአገሩ ሀብት ላይ ያለው ክብደትም እንዲሁ ይለያል። በ2015 ከሳውዲ ዓረቢያ የወጣው ገንዘብ ከአገሩ የዓመት ገቢ ከመቶ ስድስት ያህል ነበር። በዚያው ዓመት ከአሜሪካ የወጣው ግን ከአገሩ የዓመት ገቢ ከሺህ ሦስት ያህል ብቻ ነበር። ይህም ማለት የሳውዲ መንግሥት የሚወጣውን ገንዘብ በየጊዜው የሚመለከተውና የሚያስብበት ነገር ሲሆን፥ ለአሜሪካ ግን ከትልቅ ጎተራ ላይ እንደሚወሰድ ጥቂት እፍኝ ነው ማለት ነው። ብዙ የሚከብደው አገር ነገሩን በሕግ ለመቈጣጠር የሚቸኵል መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በእያንዳንዱ ሠራተኛ ሲካፈልም ሌላ ነገር ይገለጣል። በ2022 በተደረገው የሳውዲ ዓረቢያ የሕዝብ ቈጠራ ከ32 ሚሊዮን ነዋሪ ውስጥ 13.4 ሚሊዮን ያህሉ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። የወጣው 39 ቢሊዮን ለእነዚህ ቢካፈል ለእያንዳንዱ 2,900 ዶላር ያህል ይደርሳል። በዚያው ዓመት በአሜሪካ የሚኖሩት በውጭ አገር የተወለዱ ሰዎች 46 ሚሊዮን ያህል ነበሩ፤ 79 ቢሊዮን ለእነርሱ ሲካፈል 1,700 ዶላር ያህል ይሆናል። የአሜሪካ ደመወዝ ከሳውዲው እጅግ የበለጠ ሆኖ ሳለ፥ ብዙ የሚልከው በሳውዲ ያለው ሠራተኛ ነው። ምክንያቱ ምን እንደ ሆነ ከዚህ ቀጥሎ ይነገራል።

3ኛ፤ ልዩነቱ ከምን እንደ መጣ

የመጀመሪያው ምክንያት የመኖሪያ ሕግ ነው። ወደ ሳውዲ ዓረቢያ ለሥራ የሚሄድ ሰው የሚገባው በአንድ አሠሪ ስም ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዱም በሥራው ላይ የተመሠረተ ነው። በ2021 ሠራተኛው አሠሪውን ለመለወጥ እንዲችል የተደረገው ማሻሻያ እንኳ የቤት ሠራተኞችን አልጨመረም። በዚያ አገር ዘር ማንዘሩን ለመትከል የማይችል ሰው የሚሠራው ለመመለስ ነውና፥ የሚያገኘውን ሁሉ ወደ ቤቱ ይልካል። ወደ አሜሪካ የሄደው ግን አብዛኛውን ጊዜ ለመኖር የሄደ ነው። ከ1980 ጀምሮ በስደተኞች ሕግ፥ ከ1995 ጀምሮም በዕጣ፥ ከዚያም በቤተ ዘመድ ጥሪ ብዙ ኢትዮጵያውያን ገብተው ዜግነት አግኝተዋል። እነዚህ በዚያ ቤት ይገዛሉ፤ ልጆች ያሳድጋሉ፤ ግብር ይከፍላሉ፤ ለዘመድ የሚልኩት ከዚህ ሁሉ የተረፈውን ነው። ስለዚህ የሚልኩት በአንድ ጊዜ ያነሰ፥ በዘመን ብዛት ግን የማይቋረጥ ይሆናል።

ሁለተኛው ምክንያት የነዳጅ ዘይት ዋጋ ነው። በ2014 አጋማሽ አንድ በርሜል ዘይት ከ100 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር፤ በጥር 2016 ከ30 ዶላር በታች ወረደ። የሳውዲ መንግሥት ገቢ በዚህ ምክንያት ሲጐድል የሕንፃና የመንገድ ሥራ ቀዘቀዘ፤ ብዙ የውጭ አገር ሠራተኞችም ተሰናበቱ። ከ2015 እስከ 2019 የታየው መቀነስ የተከተለው ይህን ነው።

ሦስተኛው ምክንያት መንግሥቱ የሚያወጣው ደንብ ነው። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ የውጭ አገር ሠራተኛ ከእርሱ ጋር ስላስቀመጠው የቤተ ሰብ አባል ሁሉ በወር 100 ሪያል እንዲከፍል ታዘዘ፤ ይህም በየዓመቱ እየጨመረ በ2020 ወደ 400 ሪያል ደረሰ። ከ2018 መጀመሪያ አንሥቶ በሚሸጠው ዕቃ ላይ ከመቶ አምስት ግብር ተጣለ፤ በሐምሌ 2020 ከመቶ ዐሥራ አምስት ሆነ። ሥራውንም ለአገሩ ተወላጆች የማስተላለፍ ትእዛዝ ጸና። በአንጻሩ የሳውዲ ሪያል ከ1986 ጀምሮ አንዱ ዶላር በ3.75 ሪያል ሂሳብ ተወስኖ የኖረ ስለ ሆነ፥ በዚያ አገር ደመወዝ የሚቀበል ሰው የገንዘቡ ዋጋ ከዶላር ጋር ሲነጻጸር አይናወጥበትም። ችግሩ ከገንዘቡ ዋጋ ሳይሆን ከቆይታው ማጠር ነው።

አሜሪካም ከመናወጥ ነጻ አይደለችም። በ2008 የቤት ሥራ ገበያ በወደቀ ጊዜ ሜክሲኮ የምትቀበለው የሐዋላ ገንዘብ በ2009 ከመቶ ዐሥራ አምስት ያህል ጐድሎ ነበር። በሐምሌ 2025 በወጣው ሕግም ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ በጥሬ ገንዘብ ከፍሎ ወደ ውጭ አገር ሐዋላ የሚልክ ሰው ከመቶ አንድ ግብር እንዲከፍል ተወስኗል፤ ከባንክ ሂሳቡ ወይም በባንክ ካርዱ የሚልክ ግን ከዚህ ግብር ነጻ ነው። ይህን ዘመድ ለዘመዱ ቢያስታውቅ ጥቂት ገንዘብ ያተርፋል።

4ኛ፤ ቍጥሩን ሲያመዛዝኑ ስለሚያስፈልገው ጥንቃቄ

ሁለት ቍጥሮች ጐን ለጐን ስለ ተጻፉ ብቻ በአንድ ሚዛን የተመዘኑ ናቸው ማለት አይደለም። የሳውዲው ቍጥር የሚመነጨው በባንክና በሐዋላ ቤት በኩል ከተላለፈው መዝገብ ነው። የአሜሪካው ግን ከሕዝብ ቈጠራና ከጥያቄ በሚሰበሰብ መረጃ የሚሰላ ግምት ነው። ስለዚህ የሳውዲው በስውር የሚሄደውን አያይም፤ የአሜሪካው ደግሞ የእያንዳንዱን ዓመት መውጣትና መውረድ በደንብ ላያሳይ ይችላል።

በስውር የሚሄደው ገንዘብ ብዛት በኢትዮጵያ በኩል በደንብ ታይቷል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ያህል ሲመነዘር በጥቁር ገበያ ወደ እጥፍ ይጠጋ ነበር። የላኪው ወንድም በባንክ ቢቀበል ግማሹን ያጣ ይመስለው ስለ ነበር፥ ብዙው ገንዘብ በደላላ እጅ አለፈ፤ በመዝገብም አልታየም። በዚያ ቀን ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ በጥቂት ጊዜ ውስጥ አንዱ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከዚያ በኋላ በባንክ የሚገባው ገንዘብ በርክቶ ቢታይ፥ ሠራተኛው ከቀድሞው አብዝቶ ላከ ማለት ላይሆን ይችላል፤ የተደበቀው ተገለጠ ማለትም ሊሆን ይችላልና።

እንዲሁም ብሩ ስለ በዛ ሀብቱ በዛ ማለት አይደለም። በወር 1,000 ሪያል የምትቀበል አንዲት የቤት ሠራተኛ ደመወዝዋ 266 ዶላር ከ67 ሣንቲም ይሆናል። ይህ በ57 ብር ሂሳብ 15,200 ብር ነበር፤ በ100 ብር ሂሳብ 26,667 ብር ሆነ። ነገር ግን ከውጭ የሚመጣው ማዳበሪያና የሞተር ነዳጅም የሚገዛው በዚያው ዶላር ነውና፥ የሹሙ ሂሳብ በብር ሳይሆን ገንዘቡ በሚገዛው የማዳበሪያ ኩንታልና የነዳጅ ሊትር መሆን አለበት።

5ኛ፤ ነገሩ ለጣና ዳር ምን ማለት እንደ ሆነ

ከላይ የተነገረውን በምሳሌ ማየት ይጠቅማል። በአንድ ቀበሌ የሚኖሩ ሁለት ቤተ ሰቦች ይታሰቡ። የአንዱ ልጅ በሳውዲ ዓረቢያ የቤት ሠራተኛ ናት፤ ከደመወዝዋ በወር 800 ሪያል ትልካለች። የሌላው ልጅ በአሜሪካ ይኖራል፤ በወር 100 ዶላር ይልካል። በሦስት ዓመት ውስጥ ልጅቱ 28,800 ሪያል ማለት 7,680 ዶላር ትልካለች፤ ልጁ በዚሁ ጊዜ 3,600 ዶላር ይልካል። በጎረቤት ዓይን የልጅቱ ቤት ከልጁ ቤት እጥፍ በላይ የታደለ ነው። ነገር ግን የልጅቱ ውል በሦስት ዓመት ቢያበቃና ብትመለስ፥ ልጁ ግን ሳያቋርጥ ቢልክ፥ በሰባተኛው ዓመት የልጁ ገንዘብ የልጅቱን ያልፈዋል፤ በዐሥረኛው ዓመት 12,000 ዶላር ይሆናል።

ይህ ምሳሌ ልጅቱ የምትልከው ገንዘብ ዋጋ የለውም ለማለት አልተጻፈም። ይልቁንም ብዙ ገንዘብ በጥቂት ዘመን የሚያገኝ ቤት ከሁሉ አስቀድሞ ማሰብ ያለበት ከዘመኑ በኋላ ስላለው ነው ለማለት ነው። በጣና ዳር የባሕር ሽሽ እርሻ የሚያርስ ገበሬ ይህን ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። ውኃው ሲሸሽ ርጥቡ መሬት ሳይደርቅ ይዘራል፤ የሚመለስበትንም ወራት ይጠብቃል። ከ1996 ጀምሮም የሐይቁ ውኃ መውጫ በባሕር ዳር አጠገብ በጨረጨራ በተሠራው መዝጊያ የሚመጠን ሆኗል፤ ከ2010 ጀምሮ ደግሞ ለጣና በለስ የኤሌክትሪክ ኃይል ውኃው በምዕራብ በኩል ይወሰዳል። ስለዚህ የውኃው ከፍታ በዝናብ ብቻ ሳይሆን መዝጊያውን በሚከፍትና በሚዘጋ እጅም የሚወሰን ነው። የሳውዲው ሐዋላም እንዲሁ ነው፤ መዝጊያው ያለው በሪያድ እንጂ በቀበሌው አይደለም።

መዝጊያው በድንገት ሲዘጋም ታይቷል። በ2006 ዓ.ም. ኅዳር ወር የምሕረት ጊዜው ካለፈ በኋላ ሳውዲ ዓረቢያ ፈቃድ የሌላቸውን ሰዎች ማስወጣት ስትጀምር፥ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ከ2009 ዓ.ም. በኋላም እንደገና በብዙ መቶ ሺህ የሚቈጠሩ ተመለሱ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ 100,000 ያህል ሰዎችን ለመመለስ በሁለቱ መንግሥታት መካከል ስምምነት ተደርጎ ተፈጸመ። ብዙዎቹ የተመለሱት ከልብሳቸው በቀር ምንም ሳይዙ ነበር። በዚያን ጊዜ ልዩነት የሚያመጣው ተመላሹ በውጭ ሳለ የላከው ገንዘብ በምን ላይ እንደ ዋለ ነው።

ድንበር ተሻግሮ ከሚሠራባቸው አገሮች አንዷ የሆነችው ሱዳንም ተመሳሳይ ምሳሌ ናት። ከሐይቁ ምዕራብና ሰሜን ብዙ ጐልማሶች በመተማ በኩል ለሰሊጥና ለልዩ ልዩ የወቅት ሥራ ይወርዱ ነበር። በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ሲነሣ በዚያ የሚገኘው ሥራና ገንዘብ ተናጋ። ገንዘብ የሚወጣበት አገር ሰላሙን ሲያጣ ላኪው ራሱ ስደተኛ ይሆናል።

የሚመጣው ገንዘብ በጣና ዳር ብዙውን ጊዜ በአራት መንገድ ይሄዳል። የመጀመሪያው ለጕዞ የተበደሩትን ዕዳ መክፈል ነው። ሁለተኛው ቆርቆሮ ቤት መሥራትና በባሕር ዳር ወይም በወረታ ቦታ መፈለግ ነው። የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም. ዐዋጅ የሕዝብ ከሆነ ወዲህ አይሸጥም፤ አይለወጥም፤ ስለዚህ ገንዘብ ያገኘ ገበሬ እርሻውን በግዢ ሊያሰፋ ስለማይችል ገንዘቡ ወደ ከተማ ያዘነብላል። ሦስተኛው ጫትና ባሕር ዛፍ መትከል ነው፤ ሁለቱም ድካማቸው ጥቂት ስለ ሆነ ልጆቹ የሄዱበት ቤት ይመርጣቸዋል። አራተኛው የእርሻ መሣሪያ መግዛት ነው፤ ይኸውም በፎገራ ሜዳ ለሽንኵርት የውኃ መሳቢያ ሞተር፥ በወረታ የሩዝ መፈተጊያ፥ ሌላው ደግሞ የሚደልብ በሬ ነው።

ከእነዚህ ውስጥ አራተኛው መልካም ቢሆንም ያለ ምክር ሲበዛ ጕዳት አለው። ሁሉም ሰው ሞተር ገዝቶ ከርብና ከጕማራ በበጋ ውኃ ሲስብ ከታች ያለው ጎረቤት ይጠማል። ሽንኵርትም ሁሉ በአንድ ወር ሲደርስ ዋጋው ይወድቃል። እስከ ሐይቁ አፋፍ የሚታረሰውም መሬት ደለሉንና ማዳበሪያውን ወደ ውኃው ስለሚያወርድ፥ በ2011 ገደማ በሰሜን ዳርቻ የታየውን እንቦጭ ይመግበዋል፤ እንቦጩም በተራው የዓሣውን ሥራና የከብቱን መጠጫ ያበላሻል። እንግዲህ የልጅቱ ላብ ለእናቲቱ መሬት መድኃኒት መሆን ሲገባው ለሐይቁ በሽታ እንዳይሆን ማሰብ የሹሙና የባለይዞታው ፋንታ ነው።

6ኛ፤ ከሹማምንትና ከባለይዞታዎች የሚጠበቀው

የመጀመሪያው ነገር፥ ገንዘቡ የማን እንደ ሆነ አለመርሳት ነው። የሐዋላ ገንዘብ የመንግሥት ገቢ አይደለም፤ የቀበሌ መዋጮም አይደለም፤ የሠራተኛዋ የድካም ዋጋ ነው። ሹም ያዘዘበት ገንዘብ በሚቀጥለው ወር በስውር መንገድ ይመጣል፤ በስውር የመጣውንም ሹሙ ሊመክርበት አይችልም። ስለዚህ ምክር እንጂ ትእዛዝ አይስማማውም።

ሁለተኛው፥ ላኪዋ ስትመለስ የሚጠብቃት ነገር እንዲኖር ማድረግ ነው። ሴት ልጅ ለዓመታት ስትልክ ኖራ፥ ገንዘቡ በወንድም ወይም በአባት ስም ቤትና ሞተር ሆኖ፥ በተመለሰች ጊዜ እንግዳ የምትሆንበት ቤት ጥቂት አይደለም። ሹሙ ሊያደርገው የሚችለው ከመሄድዋ በፊት በስምዋ የባንክ ሂሳብ እንድትከፍት መምከር፥ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር በሚሰጥበትም ጊዜ መብትዋ እንዳይቀር መጠበቅ ነው። በ2016 ዓ.ም. ከወጣው የምንዛሪ ደንብ ወዲህ ሐዋላ የሚቀበል ሰው በውጭ ገንዘብ የሚቀመጥ ሂሳብ መክፈት እንደሚችል ማስታወቅም ይገባል።

ሦስተኛው፥ ደላላን መከላከል ነው። ከጥቅምት 2006 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ዓረብ አገር የሚደረገው የሥራ ጕዞ ተከልክሎ ሳለ ብዙዎች በጅቡቲና በየመን በኩል በባሕርና በበረሃ ሄደዋል፤ በመንገድም ያለቁት ብዙ ናቸው። ክልከላው በ2010 ዓ.ም. ተነሥቷል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 923 ሠራተኛው 18 ዓመት የሞላው እንዲሆን፥ የቪዛውና የደርሶ መልስ ጕዞው ወጪም በአሠሪው እንዲሸፈን ደንግጓል። እንግዲህ ለአውሮፕላን ብሎ ከእርሻ ቤት ገንዘብ የሚሰበስብ ደላላ የሚጠይቀው ሕጉ በሌላ ሰው ላይ ያስቀመጠውን ዕዳ ነው። በሬ ተሸጦ ወይም መሬት ለረጅም ዘመን ተከራይቶ የሚከፈለው ይህ ገንዘብ ነው፤ የሳውዲው ሐዋላ የመጀመሪያው ዓመት የሚበላውም በዚሁ ነው። አንድ ሹም ይህን ብቻ በየገበያው ቢያስነግር ለብዙ ቤት አንድ ዓመት ሙሉ ተረፈ ማለት ነው።

አራተኛው፥ የወረዳውን ሐዋላ በሁለት መዝገብ ለይቶ ማየት ነው። በአንዱ ለጥቂት ዘመን በውል የሄዱት፥ በሌላው በውጭ አገር የተቀመጡት ይገመታሉ፤ ስም መጻፍ አያስፈልግም፤ ብዛታቸውን በየቀበሌው ማወቅ ይበቃል። የውል ሠራተኞች የሚበዙበት ቀበሌ ገንዘቡ ሳይሸሽ የሚዘራበት ነው፤ በዚያ ቶሎ የሚያፈራና ባለቤትዋ ስትመለስ የምትሠራበት ነገር ይመከራል፤ ለምሳሌ የሩዝ መፈተጊያ፥ የሚደልብ ከብት፥ ለሦስትና ለአራት ጎረቤት በጋራ የሚሆን ሞተር። በውጭ የተቀመጡት የሚበዙበት ቀበሌ ግን ለረጅም ዘመን ማሰብ ይችላል፤ በዚያ የእርከን ሥራ፥ የፍራፍሬ ተክል፥ የልጆች ትምህርት ይመከራል። ከመራዊ አጠገብ 7,000 ሄክታር ለማጠጣት የተሠራውን የቆጋን መስኖ የመሰለ ሥራ ባለበት ቦታ፥ ለተወሰነ ዘመን መሬት መከራየት በሕግ የተፈቀደ ስለ ሆነ፥ ገንዘቡን በሚጠጣ መሬት ላይ ማዋል የከተማ ቦታ ከመሻማት ሊሻል ይችላል።

አምስተኛው፥ የመላኪያውን ዋጋ ማሳነስ ነው። በዓለም ላይ 200 ዶላር ለመላክ የሚከፈለው ከመቶ ስድስት ያህል ነው፤ የዓለም መንግሥታት እስከ 2030 ከመቶ ሦስት በታች እንዲሆን ተስማምተዋል። ባንክ በሩቅ ሲሆን በዚህ ላይ የጀልባና የመኪና ዋጋ፥ የቀንም ሥራ ይጨመርበታል። ሹሙ የሐዋላ መክፈያ በገበያ ቀን ከገበሬው አጠገብ እንዲገኝ ቢያስደርግ፥ የተረፈው ገንዘብ ዘርና ማዳበሪያ ይገዛል።

ባጭሩ፥ ከአሜሪካ የሚወጣው ሐዋላ እያደገ የሚሄድ፥ ከሳውዲ ዓረቢያ የሚወጣው ግን እየመጣ የሚሸሽ መሆኑን የሁለቱ አገሮች መዝገብ ያስረዳል። ይህም ከላኪዎቹ ትጋት ወይም ስንፍና የመጣ ሳይሆን ከአገሮቹ ሕግና ከሥራቸው ጠባይ የመጣ ነው። ይልቁንም ጥቂት ደመወዝ እያገኘች ብዙ የምትልከው ቆይታዋ ያልተረጋገጠላት ናት። በጣና ዳር የሚሾም ሰው የወረዳውን ገንዘብ ምንጭ ለይቶ ቢያውቅ፥ ውኃው በሸሸበት ወራት ባለይዞታው ባዶ እጁን እንዳይቀር፥ ከባዕድ አገር የምትመለሰውም ልጅ የላቧን ፍሬ በእናትዋ መሬት ላይ ቆሞ እንድታገኘው ለማድረግ ይችላል።